ልደተ ስምዖን፤ የመሰናበት ጸሎት ስለ ምን ልደት እንደ ተባለ

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከምታከብራቸው ከዘጠኙ ንኡሳን በዓላተ እግዚእ አንዱ የካቲት 8 ቀን ይውላል፤ ስሙም ልደተ ስምዖን ይባላል። ቀኑ የተቈጠረው ከጌታችን ልደት ዠምሮ ነው። ታኅሣሥ 29ን አንድ ብሎ ለሚቈጥር ሰው ከታኅሣሥ 2 ቀን፥ ጥር ሙሉው 30 ቀን፥ ከየካቲት 8 ቀን ቢደመር 40 ይመላል። ወንድ ልጅ የወለደች ሴት 7 ቀንና 33 ቀን ቈይታ በ40ኛው ቀን ወደ መቅደስ እንድትመጣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ታዝዟልና፥ እመቤታችንም ሕግን ልትፈጽም ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣች። በግ ለማቅረብ ዐቅም ለሌላት እናት የተፈቀደው መሥዋዕት ኹለት ዋኖስ ወይም ኹለት የርግብ ጫጩት ነው፤ የነገሥታት ንጉሥ ወደ ቤቱ የገባው በዚህ በድኻ መባ ነው። በዚያም ስምዖን ተቀበለው፥ በክንዱም ታቀፈው፥ እግዚአብሔርንም አመሰገነ።

ነገሩን ላስተዋለው ግን የበዓሉ ስም ያስደንቃል። በዚያ ቀን ስምዖን አልተወለደም፤ ይልቁንም ከዚህ ዓለም ለመሰናበት ጸለየ። በአዲስ አበባ በልደታ ማርያም ደብር ግንቦት 1 ቀን በዓል ሲከበር ልደት የሚለው ቃል ሐተታ አያሻውም፤ እመቤታችን ከኢያቄምና ከሐና የተወለደችበት ቀን ነው፥ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የካቲት 8 ላይ የተነገረው ልደት ግን የሽማግሌ ልደት ነው፥ ያውም የስንብት ልመና የተጸለየበት። አባቶች ይህን ስም የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

አስቀድሞ ወንጌሉ የሚለውን ከወንጌሉ ውጭ ከተነገረው መለየት ይገባል። ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ ስምዖን የጻፈው በምዕራፍ 2 ከቍጥር 25 እስከ 35 ያለውን 11 ቍጥር ብቻ ነው። ጻድቅና እግዚአብሔርን የሚፈራ እንደ ነበረ፥ የእስራኤልን መጽናናት ይጠባበቅ እንደ ነበረ፥ መሲሑን ሳያይ ሞትን እንዳያይ በመንፈስ ቅዱስ እንደ ተነገረው ይናገራል። ሽማግሌ ነው አላለም። ካህን ነውም አላለም። የአባቱን ስም፥ ነገዱን፥ ዕድሜውን አልጻፈም። ከእርሱ ቀጥላ ስለ መጣችው ስለ ነቢይቱ ሐና ግን አባቷ ፋኑኤል፥ ነገዷ አሴር፥ ከባሏ ጋራ የኖረችው 7 ዓመት መኾኑን ሳይቀር ዘርዝሯል፤ 84 የሚል የዓመት ቍጥርም ጨምሯል። አንዱን ያለ ትውልድ ሌላይቱን ከነትውልዷ መጻፉ በመዘንጋት ነው አይባልም፤ ከመዠመሪያው ነገሩን ኹሉ በጥንቃቄ እንደ ተከተለ ራሱ ተናግሯልና። ስምዖን በወንጌል የቆመው ያለ አባትና ያለ ነገድ፥ የሚጠብቀውን ብቻ ይዞ ነው። ልያ ኹለተኛ ልጇን ስምዖን ያለችው እግዚአብሔር ስለ ሰማት ነው፤ የግዕዙ ሰምዐና የዕብራይስጡ ቃል ዘመዳሞች ናቸው። ይህም ስምዖን ዓይኑ ከማየቱ በፊት ዦሮው የሰማ ሰው ኾኗል።

ወንጌላዊው የተወውን ትውፊት መላው። የካቲት 8 ቀን በስንክሳር የሚነበበው ታሪክ ስምዖንን ከሰብዓ ሊቃናት አንዱ ያደርገዋል። የግብጽ ንጉሥ በጥሊሞስ የአይሁድን መጻሕፍት ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ ለማስመለስ ሊቃውንትን ሰበሰበ፤ ለስምዖንም መጽሐፈ ኢሳይያስ ደረሰው። ድንግል ትፀንሳለች ከሚለው ቦታ በደረሰ ጊዜ ልቡ አመነታ። ይህን ብጽፍ ንጉሡ ይሥቅብኛል፥ ቃሉንም አይቀበለውም ብሎ ፈራ፤ በድንግል ፈንታ ወጣት ሴት ብሎ ሊያልፈው ዐሰበ። በዚህ ጊዜ ከድንግል የሚወለደውን ሳያይ እንዳይሞት ተነገረው። ከዚያም ዓይኑ እስኪፈዝ ድረስ ኖረ፤ ሕፃኑንም በታቀፈ ጊዜ ዓይኑ በራ።

ይህን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ያመጣው በ14ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ስንክሳርን የተረጐመ የአባ እንጦንስ ገዳም መነኵሴ ሲኾን፥ ስሙ ስምዖን ይባል ነበር። ከቃል ጋራ የታገለውን ተርጓሚ ታሪክ ስሙን የተካፈለ ተርጓሚ ለኢትዮጵያ አደረሰው።

በዚህ ላይ የታሪክ ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ አለ፥ ሊሸሸግም አይገባም። ስለ ሰብዓ ሊቃናት የሚናገረው ጥንታዊው የአርስጥያስ መልእክት ሊቃውንቱ ከዐሥራ ኹለቱ ነገድ ከየነገዱ 6 ኾነው 72 እንደ ነበሩ፥ በ72 ቀንም እንደ ፈጸሙ ይተርካል፤ በስም ዝርዝሩም ስምዖን የሚባል ይገኛል። ነገር ግን መልእክቱ የሚያወሳው የኦሪትን መጻሕፍት ብቻ ነው። ኢሳይያስና ሌሎቹ ነቢያት ወደ ጽርዕ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። የዓመቱም ቍጥር እንዲሁ ነው፤ በጥሊሞስ ፊላድልፎስ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ285 እስከ 246 ነውና እስከ ጌታ ልደት ድረስ ከ300 ዓመት አይበልጥም፤ ዓመቱን ከዚህ አብዝተው የሚናገሩ ሒሳቡ አይረዳቸውም። ይህ ኹሉ ቢኾን ግን ትውፊቱ ሊያስተምር የፈለገው ነገር ከዓመት ቍጥር ላይ የቆመ አይደለም። የቆመው ከአንዲት ቃል ላይ ነው።

ስለዚህች ቃል የተደረገው ክርክር በእውነት የኾነ ታሪክ ነው። በዕብራይስጡ ያለው ዓልማ የሚለው ቃል ለአካለ መጠን የደረሰች ወጣት ሴት ማለት ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1947 ዠምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በተገኙት ጥቅሎች መካከል ባለው በትልቁ የኢሳይያስ ጥቅልም የተጻፈው ይኸው ነው። የጽርዑ ተርጓሚዎች ግን ድንግል ብለው መለሱት። በኹለተኛው መቶ ዓመት አቂላ ዐዲስ ትርጕም ባወጣ ጊዜ ድንግል የሚለውን ትቶ ወጣት ሴት ብሎ ጻፈ፤ ዮስጢኖስ ሰማዕትም ከአይሁዳዊው ከጥርፎን ጋራ በተከራከረበት መጽሐፉ፥ ነቢዩ ምልክት ይሰጣችኋል ብሎ ሳለ ወጣት ሴት እንደ ሴቶች ኹሉ ብትወልድ ምልክቱ ምኑ ላይ ነው ብሎ ጠየቀ። ከኹሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ድንግል ብለው የጻፉት ከክርስቶስ በፊት የነበሩ አይሁድ ናቸው፥ ክርስቲያንን ለመርዳት ጻፉት ሊባል አይቻልም። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ብሉይን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ ድንግል የሚለውን እንዳለ ተቀበሉት።

ትውፊቱ እንግዲህ የዚህን ክርክር ፍርድ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አኖረው። ስምዖን የካደው ነገር የለም፤ ያፈረው ቃል ነበረ እንጂ። በንጉሥ ፊት የቆመ ዐዋቂ ሰው የሚፈተነው በክሕደት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው እውነቱን ትንሽ በማለዘብ፥ አንዱን ቃል በሌላ ለስላሳ ቃል በመተካት ነው። ይህም ለጊዜው ጥበብ ይመስላል። ስምዖን በዚህ ስለ ተፈተነ በሞት አልተቀጣም፥ በዕድሜ ተያዘ። ያመነታበትን ቃል በመጽሐፍ ሳይኾን በክንዱ እስኪይዘው ድረስ ቈየ። አዳም 5 ቀን ተኩል የተባለውን 5500 ዘመን በተስፋ እንደ ጠበቀ፥ ስምዖንም ለራሱ የተወሰነለትን ዘመን ጠበቀ፤ የአንዱ ሰው መቈየት የዘመኑ ኹሉ መቈየት አምሳል ነው።

ስምዖንን ካህን ነው የሚለው ትውፊት ደግሞ በሌላ ወገን መጥቷል፤ ይህም ከልደታ በዓል ጋራ የተሳሰረ ነው። የእመቤታችንን ልደት፥ የኢያቄምንና የሐናን ልመና፥ የልጅቱን ወደ መቅደስ መግባት ከኹሉ ቀድሞ የሚተርከው በያዕቆብ ስም የሚጠራው የኹለተኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ነው። ይኸው መጽሐፍ የሚዠምረው በኢያቄም ኀዘን ሲኾን፥ ሲፈጽም ካህኑ ዘካርያስ በሄሮድስ ሰዎች በመቅደስ መገደሉን ይነግራል፤ ካህናቱም ዕጣ ቢጣጣሉ በዘካርያስ ፈንታ ለስምዖን ወጣ ይላል። እንግዲህ ልደተ ማርያምን የነገረው መጽሐፍ የመጨረሻ ነገሩን በስምዖን ዘጋ። በአንድ መጽሐፍ የሴቲቱ ልደት በራሱ፥ የሽማግሌው ሹመት በእግርጌው ተጽፏል።

አሁን ወደ ጸሎቱ መመለስ ይገባል፤ የስሙ ምሥጢር ያለው በዚያ ነውና። ስምዖን ሕፃኑን ታቅፎ በጸለየው ጸሎት የግዕዙ ወንጌል የተጠቀመበት ግሥ ሠዐረ ነው፤ ትሥዕሮ ይላል። የአማርኛው መጽሐፍ ታሰናብተዋለህ ብሎ መልሶታል፥ መልካም ነው፤ ነገር ግን የግዕዙ ቃል ከዚህ ይሰፋል። ሠዐረ ማለት ሻረ ማለት ነው። በነገሥታቱ ዘመን ሹም ሽር ይባል የነበረው፥ ዛሬ የተሾመ ነገ የሚሻርበት ሥርዐት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ግሥ ነው። እንግዲህ ስምዖን የለመነው ሽረትን ነው። ከንጉሥ ዘንድ ሽረትን የሚለምን ሹም ማን ነው? ሹም ኹሉ ሽረትን ይፈራል፤ ደብዳቤውም ሲደርሰው ፊቱ ይጠቍራል። ስምዖን ግን ሹመቱ መጠበቅ ነበረ፥ የጠበቀውም መጣ፤ የሚጠበቀው ከመጣ በኋላ ጠባቂ አያስፈልግም። በምድራዊው ንጉሥ ፊት በፍርሃት የተዠመረው አገልግሎት በሰማያዊው ንጉሥ ፊት በሽረት ተፈጸመ፤ ያም ንጉሥ የ40 ቀን ሕፃን ነበረ።

በጽርዑም ስምዖን ጌታን የጠራበት ቃል ባሪያ ገዢውን የሚጠራበት ቃል ነው፥ የመሰናበቱም ቃል እስረኛን ለመፍታት፥ ሰውንም በነፃ ለመልቀቅ ይነገራል። በአማርኛ ደግሞ ቁስል ዳነ ለማለት ሻረ ይባላልና፥ የስምዖን ሽረት ፈውስ ነው ብሎ ማመሥጠር ያምራል፤ ነገር ግን ከድምፅ መግጠም ብቻ ምሥጢር ማውጣት አይገባምና ይቈይ።

ከዚህ የሚበልጠው ሌላው ነገር ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታችን ኦሪትንና ነቢያትን ልሽር የመጣኹ አይምሰላችሁ ባለበት ቦታ የግዕዙ ግሥ ይኸው ሠዐረ ነው። በጽርዕም የኹለቱ ቦታ ቃላት ልዩ ልዩ መነሻ ቢጨመርባቸውም የወጡት ከአንድ ግሥ፥ ፈታ ከሚለው ነው። ታዲያ ኦሪት አትሻርም ከተባለ፥ የኦሪት አምሳል የኾነው ስምዖን ሽረኝ ብሎ ስለ ምን ለመነ ቢሉ፤ መልሱ በሰላም ከሚለው ቃል ላይ ነው። ሽረት ኹለት ወገን ነው። አንዱ ሹም በድሎ ተገኝቶ በቍጣ ይሻራል፤ ሥራው ይፈርሳል፥ ስሙም ይጠፋል። ሌላው ዘመኑን ጨርሶ፥ የተሰጠውን አደራ ሳያጐድል አስረክቦ፥ ተመስግኖ ይሰናበታል፤ የዚህ ሥራ አይፈርስም፥ ለሚቀጥለው መሠረት ይኾናል። ኦሪት በመዠመሪያው ዐይነት አልተሻረችም፤ በኹለተኛው ዐይነት ተፈጸመች። ስምዖን ሕፃኑን ከመቅደስ አላስወጣውም፥ መቅደሱንም አልዘጋበትም፤ ክንዱን ዘርግቶ ተቀበለው፥ መልሶም ለእናቱ ሰጠ። ኦሪት ለወንጌል ያደረገችው ይህንኑ ነው።

አንድም፤ ስምዖን የታቀፈው ሕፃን ዓለምን የያዘ ነውና፥ ሽማግሌው የተሸከመ ሲመስል የተሸከመው ሕፃኑ ነው። አንድም፤ ክንዱ ዙፋን ኾነ። ኪሩቤል ሊቀርቡት የሚፈሩትን እርሱ እንደ አያት ታቀፈ።

የመዝሙረ ዳዊትን መጽሐፍ ሥርዐት ላስተዋለ ሰውም ይህ ነገር በመጽሐፉ አሰላለፍ ውስጥ ይታያል። በኢትዮጵያ ከዳዊት መዝሙር ቀጥሎ የሚደገመው ጸሎተ ነቢያት 15 ነው፤ በሙሴ ጸሎት ይዠምራል፥ በሳሙኤል እናት በሐና፥ በሕዝቅያስ፥ በምናሴ፥ በዮናስ፥ በሠለስቱ ደቂቅ፥ በዕንባቆም፥ በኢሳይያስ ያልፋል፤ መጨረሻ ሦስቱ የእመቤታችን፥ የዘካርያስና የስምዖን ናቸው። ባሕር ሲከፈል በተዘመረው የድል ጸሎት የተዠመረው በዚህ ዐጭር የስንብት ጸሎት ይፈጸማል፤ ሙሴ ጦሩን በክንዱ ኀይል ያሰጠመውን አመሰገነ፥ ስምዖን በክንዱ የታቀፈውን አመሰገነ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1513 በሮም ዮሐንስ ፖትከን ዳዊትን በግዕዝ ፊደል ባሳተመ ጊዜ፥ በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት ኹሉ የመዠመሪያው በኾነው በዚያ መጽሐፍ፥ እነዚህ ጸሎቶች አብረው ገብተዋል። እንግዲህ የስምዖን ቃል በግዕዝ ማተሚያ ከታተሙት ቃላት ከመዠመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ቃልን ለመጻፍ ያመነታ ሰው ቃሉ በኹሉ ቀድሞ ታተመ።

በዓሉ በሌላው ዓለም ያለፈበትን ታሪክ ባጭሩ ማስታወስ ይበቃል። በ4ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው ኤገርያ ከበዓለ ጥምቀት በኋላ ያለው 40ኛ ቀን በታላቅ ክብር ይከበር እንደ ነበረ፥ ካህናቱም ኹሉ ስለ ስምዖንና ስለ ሐና ይሰብኩ እንደ ነበረ ጽፋለች። በቍስጥንጥንያ ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በ542 በዓሉን በመንግሥቱ ኹሉ አጸና። በምዕራብ ያሉት ሻማ ያበሩበታል፥ ስምዖን ሕፃኑን ለአሕዛብ ብርሃን ብሎታልና። ልደተ ስምዖን ብሎ መጥራት ግን የኢትዮጵያ ነው።

የስሙን ምክንያት ሊቃውንት እንዲህ ያስረዳሉ፤ ስምዖን ጌታን በታቀፈ ጊዜ እርጅናው ተወገደ፥ እንደ ንስር ታደሰ፥ ስለዚህ ዳግመኛ እንደ ተወለደ ተቈጠረለት። በጥንትም ክርስቲያን የሰማዕታቱን የዕረፍት ቀን ልደት ብለው ይጠሩት ነበር፤ በኹለተኛው መቶ ዓመት የሰምርኔስ ክርስቲያኖች ስለ ጳጳሳቸው ስለ ፖሊካርፖስ መከራ በጻፉት መልእክት የተሠዋበትን ቀን የልደት ቀን ብለውታል። ነገር ግን በስምዖን ያለው ከዚህም ይልቃል። ሰማዕቱ ሞቶ ይወለዳል፤ ስምዖን ገና በሕይወት ሳለ፥ የሚሞትበትን ፈቃድ ሲለምን ተወለደ። ሞትን ሳያይ ሕይወትን ማየት የተስፋው ቃል ነበረና፥ ሕይወትን ካየ በኋላ ሞት በእርሱ ላይ የቀድሞ ስሙን አጣ።

በ40 ቀን ወንድ ልጅን ማስጠመቅ በኢትዮጵያ የጸና ልማድ ነው፤ ለሴት ልጅ 80 ነው፥ መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ እንዳለው። በልደታም ቢኾን በሌላው ደብር እናቲቱ ዐራስነቷን ፈጽማ ሕፃኑን ታመጣለች፤ ከጥምቀቱ ባሕር ሲወጣ ተቀብሎ የሚታቀፈው የክርስትና አባት ነው፥ ሥራውም በአማርኛ ክርስትና ማንሣት ይባላል። ብዙ ጊዜ ይህ አባት በዕድሜ የገፋ፥ የተከበረ ሰው ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ሽማግሌው በነጠላው ሸፍኖ ያባብለዋል። ስምዖን በመቅደስ የቆመበት ቦታ ይህ ነው፤ የሚለየው ስምዖን ያነሣው ሕፃን ለራሱ ጥምቀት የማያስፈልገው፥ ያነሣውን ሽማግሌ ዐዲስ ያደረገ መኾኑ ነው።

ከጸሎቱ በኋላ ስምዖን ዝም አላለም። ወደ እመቤታችን ዘወር ብሎ በነፍሷ ሰይፍ እንደሚያልፍ ነገራት። ይህን ሰይፍ ጥርጥር ነው ብለው የተረጐሙ ሊቃውንት በጥንት ነበሩ። ትርጓሜያቸው ግን አይጸናም፤ የተጠራጠረውስ ስምዖን ነበረ፥ እርሷ ግን መልአኩ በነገራት ጊዜ ይኹንልኝ ብላለች። ሰይፉ በመስቀል ሥር የገባባት ኀዘን ነው፥ ላሐ ማርያምም የሚያለቅሰው ስለ እርሱ ነው። ስለ እርሷ በተጻፈው ቃል የፈራው ሰው ኀዘኗን አስቀድሞ የነገራት እርሱ ራሱ ኾነ፤ የታደሰው ዓይኑ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ አላየም።

ከዚህ በኋላ ሐና መጣች፥ እርሷም አመሰገነች፤ ዮሴፍና እመቤታችንም ሕጉን ኹሉ ፈጽመው ወደ ገሊላ ወደ ናዝሬት ተመለሱ። ስንክሳር ስምዖን በሰላም ማረፉን ይናገራል። ሉቃስ ግን የስምዖንን ሞት አልጻፈም፤ ሕፃኑን ታቅፎ እንደ ቆመ፥ በንግግሩ መካከል ይተወዋል።